«ልጄ ትልቅ ሰው ነው፤ ስለ እሱ መናገር እችላለሁ?»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ26 ዓመት ልጄ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና የሚጥል በሽታ አለበት። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ካለ አንድ የእንክብካቤ ማዕከል ከገባ ሰባት ወሩ ነው። ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ በሁለቱም እጆቹ አንጓ ላይ ዙሪያውን የዞረ ሰንበር አየሁ። ከስቷል። ሳናግረው ያንቀላፋል፣ ለሀጩም ይዝረበረባል። ኃላፊውን ብጠይቅ «ልጅዎ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው ስለሆነ ለእርስዎ መረጃ አንሰጥም» አለኝ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ብትከሺ በልጁ ላይ ይብሳል፣ በሽማግሌ ጨርሺው» ይሉኛል። ምን ላድርግ?
*እናት፣ ከመሐል ሜዳ*

መልስ፦ እናታችን፣ ኃላፊው የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ልጅ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ እናትነት ብቻውን ሕጋዊ ወኪል አያደርግም። ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ ለፖሊስ ለማመልከት ግን ወኪል መሆን አያስፈልግም፤ ያየ ሁሉ ማመልከት ይችላል። ደግሞም ልጅዎ ትልቅ ሰው ከሆነ መውጣት ሲፈልግ የሚወጣ፣ እናቱን ማግኘት ሲፈልግ የሚያገኝ ሰው ነው ማለት ነው። ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ በግድ ሊያቆዩት አይችሉም። «ትልቅ ሰው ነው» የሚለው ቃል ለማዕከሉ መደበቂያ ሳይሆን ለልጅዎ መብት ነው፤ ይህንኑ በትሕትና ግን በግልጽ ይንገሯቸው። ልጅዎ በሚገባው ቀላል አነጋገር ሁለት ሰዎች ባሉበት «ስለ ሕክምናህና ስለ አያያዝህ እናትህ እንድትጠይቅልህ ትፈልጋለህ?» ተብሎ ይጠየቅ። አዎ ካለ በጽሑፍ አስፍረው ይፈርም ወይም አሻራውን ያኑር፣ ሁለቱም ምስክሮች ይፈርሙ። ከዚያ በኋላ መረጃ የሚከለክሉበት ምክንያት ይጠባል።

ያዩዋቸውን ምልክቶች ለየብቻ እንመልከት። ሰው ሲወድቅ የሚጎዳው ግንባሩ፣ ክርኑ፣ ጉልበቱ ነው። አንጓን ዙሪያውን የዞረ ሰንበር ግን አብዛኛውን ጊዜ የመታሰር ምልክት ነው። በጆሮ ጀርባ፣ በአንገት፣ በብብትና በጭን ውስጠኛ በኩል የሚገኝ ሰንበርም እንዲሁ በመውደቅ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ልብሱን ሲያስቀይሩት እነዚህን ቦታዎች ይዩ። ድብታውና ለሀጩ ደግሞ ወደ መድኃኒት ያመለክታሉ። ሰው «እንዳያስቸግር» ተብሎ እንደ ክሎርፕሮማዚን ወይም ሃሎፔሪዶል ያለ ማስታገሻ ሲበዛበት ይደነዝዛል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ለሀጩ ይዝረበረባል። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታልም ከልክ ሲያልፍ እንቅልፍ ያበዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን። ፌኖባርቢታሉን በራስዎ ውሳኔ በአንድ ጊዜ አያቋርጡ። ድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ተደጋግሞ ይጥለዋል፤ ሳያቋርጥ ከ5 ደቂቃ በላይ ካንቀጠቀጠው ለሕይወት ያሰጋል። መጠኑን የሚቀንሰው ሐኪም ብቻ ነው።

ይልቅ ክኒኑን ይቁጠሩ። ማታ ማታ ሁለት ክኒን እንዲወስድ ታዞ 60 ክኒን ከተሰጠ፣ በ20ኛው ቀን የሚቀረው 20 ነው። 41 ካገኙ በታዘዘው ልክ እየተሰጠው አይደለም። 4 ብቻ ከቀረ ከታዘዘው በላይ ተሰጥቶታል ወይም መድኃኒቱ ለሌላ ሰው ውሏል። ቁጥሩን፣ ቀኑንና አብሮዎት የቆጠረውን ሰው ስም ይጻፉ። «ከስቷል» የሚለውን ቃልም ወደ ቁጥር ይለውጡት፦ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመዝኑት፤ ሲገባ የነበረው ክብደት ካርዱ ላይ ካለ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል። ማስረጃን ከለቅሶ የሚለየው ይህ ነው፤ ለቅሶ ይረሳል፣ በወረቀት የሰፈረ ቁጥር አይረሳም።

ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ቅርብ አይደለምና ጉዞዎ አንድ ሆኖ ብዙ ሥራ እንዲሠራ ቅደም ተከተሉን ያስቡበት። መጀመሪያ ልጁን ያውጡ፤ ክሱ ይከተላል። ጎረቤቶችዎ የፈሩት ነገር እውነት የሚሆነው ልጁ እዚያው ተኝቶ ማመልከቻው ሲገባ ነው። ሲያወጡት የሕክምና ካርዱን፣ የቀረውን መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ መታወቂያውንና የጤና መድን ደብተሩን ይዘው ይውጡ። ወፍራም ጋቢም አይርሱ፤ የከሳ ሰው ለደብረ ብርሃን ውርጭ አቅም የለውም።

ከማዕከሉ ወጥተው ቤት ከመግባትዎ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ይሂዱ፤ ጣቢያው ለሆስፒታል የሚጽፈው ደብዳቤ አለ። ሐኪሙ መላ ሰውነቱን እንዲያይ፣ እያንዳንዱን ጉዳት በቦታው፣ በስፋቱና በቀለሙ እንዲጽፍ ይጠይቁ። «ቀላል ጉዳት» ብሎ በአንድ መስመር የሚያልፍ ማስረጃ ፍርድ ቤት ላይ ደካማ ነው። እርስዎም በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከጉዳቱ አጠገብ የአንድ ብር ሳንቲም አድርገው ፎቶ ያንሱ፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ፊቱ አብሮ እንዲታይ ከራቅ ብለው። ሰንበር ቀለሙን ስለሚለውጥ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን ይድገሙት።

ልጅዎን ሲጠይቁ መልሱን አያጉርሱት። «እገሌ ነው የመታህ?» ካሉት እርስዎን ለማስደሰት «አዎ» ሊል ይችላል፤ በኋላም የተከሳሽ ጠበቃ የሚይዘው ይህችን ነው። «እጅህ ምን ሆነ?» ብለው ዝም ይበሉ። ለመመለስ ጊዜ ይወስድበታል፣ ይጠብቁት። ያለውን እንዳለ፣ ቃሉ ቢሰባበርም ሳያቃኑ ይጻፉት። ቤተ ዘመድ ሁሉ ተራ በተራ አይጠይቀው፤ በተደጋገመ ቁጥር ታሪኩ ይደባለቃል፣ ልጁም ይጨነቃል። ፖሊስ ቃሉን ሲቀበልም የሚያምነው ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ ይጠይቁ። «እሱ ምን ያውቃል» የሚል መርማሪ ቢያጋጥምዎ ቃሉ እንዲመዘገብ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 556 በአካል ላይ የሚደርስ ቀላል ጉዳትን ይቀጣል። ጉዳቱን ያደረሰው ሰው የሙያ ወይም ሌላ ግዴታውን ጥሶ ከሆነ፣ ወይም ተጎጂው ደካማ፣ በሽተኛ ወይም ራሱን መከላከል የማይችል ከሆነ ቅጣቱ ይከብዳል፤ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ነው። ልጅዎ በሁለቱም ይገባል። ማመልከቻዎ ላይ «ተንከባካቢ ሆኖ ሳለ» እና «ራሱን መከላከል የማይችል» የሚሉትን ቃላት ያስገቡ። ጊዜም አለው፦ በግል አቤቱታ የሚያስቀጡ ወንጀሎች ድርጊቱ ወይም ፈጻሚው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ አቤቱታ ካልቀረበባቸው ይቀራሉ። መርማሪው ጉዳዩን በግል አቤቱታ በሚያስቀጣው በቀላሉ ንዑስ አንቀጽ ሊያየው ስለሚችል 3ቱን ወር አያሳልፉ።

ከፖሊሱ ጎን ለጎን ለከተማው ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ማዕከሉ በበጎ አድራጎት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይጻፉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አቤቱታ ይቀበላል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ፦ ምን አየሁ፣ መቼ፣ ማን ነበረ፣ ምን ይደረግልኝ። «ምን ይደረግልኝ» የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ «ማዕከሉ ሳይነገረው ይጎብኝ፣ የሌሎቹም ነዋሪዎች አያያዝ ይታይ» ብለው ይጻፉ። ልጅዎ ከታሰረ ሌላም የሚታሰር ሊኖር ይችላል። ሁለት ቅጂ ይዘው ሄደው አንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳያስመቱ አይመለሱ። «ደርሶናል» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም።

ስለ ሽምግልናው፦ ሽማግሌ የተጣላ ጎረቤት ያስታርቃል፤ መናገር የሚቸገረውን ሰው ያሰረ ተቀጣሪና የታሰረው ግን የተጣሉ ሁለት ሰዎች አይደሉም። ካሣ ተቀብለው ዝም ቢሉ ያ ሠራተኛ ነገ ሌላ ሰው ዘንድ ይቀጠራል። ሽማግሌዎቹን ማክበር ከፈለጉ ለምስክርነት ይጥሯቸው፤ ሰንበሩን በዓይናቸው ይዩ።

ጥያቄ፦ የ23 ዓመት ልጄ መራመድም መናገርም አትችልም። ቀን ቀን የምትንከባከባት ተመላላሽ ሠራተኛ አለችን። ከወገቧ በታች ቆስላለች። ሠራተኛዋ «ከሙቀቱ ነው» ትላለች።
*አባት፣ ከሸዋ ሮቢት*

መልስ፦ ሙቀትና ላብ ቆዳን ያለሰልሳሉ እንጂ በመቀመጫ አጥንት ላይ ብቻቸውን ቁስል አያወጡም። እንዲህ ያለ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሳይገላበጡ ብዙ ሰዓት በመተኛት ነው። ተኝታ ሳለ ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ጎኗ ሊቀየር፣ የረጠበ ጨርቅ ወዲያው ሊነሳላት ይገባል። ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሠራተኛዋ በገለበጠቻት ቁጥር ሰዓቱን ትጻፍ፤ እርስዎም ባልተጠበቀ ሰዓት ይግቡ። ቆዳው ቀልቶ በጣት ሲጫኑት ካልነጣ ቁስል እየጀመረ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ ሙቀቱንና ጥንካሬውን በእጅ ይዳስሱ። የሸተተ ወይም የጠቆረ ቁስል ሆስፒታል ይሂድ፤ ሳሙናና ቅባት አይድርሱበት።

ሠራተኛዋ ሳታውቅ ከሆነ ታስተምሯታላችሁ። ካሳያችኋት በኋላም ከተወችው ግን ያሰናብቷት፤ ያዩትንም ይመዝግቡ።

የማይናገሩ ሴቶች ላይ የሚደርስ ሌላም በደል ስላለ አንድ ነገር እንጨምር። የፆታ ጥቃት ከጠረጠሩ አያጥቧት፤ ልብሷን በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ጠቅልለው፣ እርጥብ ከሆነ አድርቀው ይያዙ። ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃው ይበላሻል። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያው እስከ 120 ሰዓት ነው። ቶሎ በሄዱ ቁጥር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ለወንድሜ ለመከራከር የግድ በፍርድ ቤት ማስከልከል አለብን?
*እህት፣ ከደብረ ሲና*

መልስ፦ የለባችሁም። የፍርድ ክልከላ (ፍርድ ቤት ሰውን በራሱ ስም እንዳይዋዋል ከልክሎ በእሱ ፋንታ የሚወስን ሌላ ሰው የሚሾምበት) በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ነው፤ ሰውየው ራሱ፣ ዘመዶቹ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሊጠይቁት ይችላሉ። ነገር ግን ወንድምሽ በራሱ ስም የመዋዋል መብቱን ያጣበታል። አገራችን በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ ሰውን መተካት ሳይሆን እንዲወስን መደገፍን ያስቀድማል። ለፖሊስ ማመልከቻ፣ ለሕክምና ማስረጃና ለአቤቱታ ክልከላ አያስፈልግም። የርስት ወይም የባንክ ገንዘብ ጉዳይ ተነስቶ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ አስቡት፤ ያን ጊዜም ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ የነፃ ሕግ ድጋፍ ጠይቁ፤ ወንድምሽም አብሮ ሄዶ የሚጠየቀውን በጆሮው ይስማ።