መልስ፦ ጣና ዳር የሚጫወቱትን አዝማሪ በስልክ ስለመቅዳት

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው እየፈጠሩ መሰንቆ የሚመቱትን አዛውንት ስትቀዳ ነፋስ ብቻ ይሰማል፣ መሰንቆውም ይቆራረጣል ብለሃል። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ነፋሱ ቀላል ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ስለሚበረታ ጠዋት ሂድ፤ ማይኩ ያለበትን የስልኩን ታች ስስ ካልሲ አልብሰው፣ ጀርባህን ለሐይቁ ስጥ።

መቆራረጡ ግን ከስልኩ ነው። ጫጫታ ማጥፊያው ሳይቋረጥ የሚጎተተውን የደጋን ድምፅ እንደ ሞተር ጩኸት ቆጥሮ ያፍነዋል። እሱን አጥፋና በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት)፣ በ48 ኪሎኸርዝ የናሙና መጠን ቅዳ። ስልኩን ከ1 እስከ 1.5 ሜትር አርቀህ ቆዳ በተለበጠው ገበታ ትይዩ ያዝ። ከዚያ ከቀረብክ የመሰንቆው ክር የሆነው የፈረስ ጭራ ፍትጊያ ዘፈኑን ይውጠዋል።

መጀመሪያ ባዶውን ጭራ፣ ጣት ሳያርፍበት፣ 10 ሰከንድ ያህል ይምቱልህ። ጭራ በእርጥበት ይላላል፣ አዝማሪም የሚቃኘው ለገዛ ጉሮሮው ነው፤ ይህ መነሻ ከሌለህ ቤት ገብተህ ቅኝቱ ትዝታ ይሁን ባቲ ስትለይ ትደናገራለህ። ግጥሙንም እዚያው ጠይቅ፤ ወርቁን ካልፈቱልህ ሰሙን ብቻ ይዘህ ትመለሳለህ።

ፈቃዱም ሽልማቱም ከመቅዳትህ በፊት ነው፣ ያውም በእጅ።