ሲሊንደሩን ከጠረጴዛው ስር አውጪው

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ከብርጭቆ ዘንግ ዶቃ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። የምሠራው ከመኝታ ቤቴ ጎን ባለች፣ 2 በ3 ሜትር እንኳ በማትሞላ ክፍል ውስጥ ነው። ብርጭቆውን የማቀልጥበት የእሳት መሣሪያ፣ ካኔላዬ፣ በፕሮፔንና በኦክሲጅን ይሠራል። ቦታ ስለሌለኝ የፕሮፔኑን ሲሊንደር ጠረጴዛው ስር አድርጌዋለሁ። መስኮት እከፍታለሁ፤ የፀሐይ መነጽርም አደርጋለሁ። ባለቤቴ ግን «አንድ ቀን ቤቱን ታቃጥይዋለሽ» እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል። ማናችን ነን ልክ?
ዶቃ ወዳዷ

መልስ፦ እህቴ፣ አትቀየሚኝና በሲሊንደሩ ጉዳይ ባለቤትሽ ልክ ነው። ዛሬውኑ አውጪው።

ፕሮፔን ከአየር 1.5 እጥፍ ያህል ይከብዳል። ሲያፈተልክ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ ወለሉ ላይ ይተኛል። አፍንጫሽ ያለው ደግሞ ላይ ነው። ሽታው ሳይደርስሽ እግርሽ ስር ተጠራቅሞ ሊቆይ ይችላል። መስኮቱም ብዙ አይረዳሽም፤ ከወገብ በላይ ነዋ! ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ወደ ውስጥ ጎማው ብቻ ይግባ። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን በሙሉ የሳሙና ውሃ ቀቢና ተመልከቺ። አረፋ ካወጣ ጋዝ እያፈሰሰ ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንቺ እንዳታደርጊው።

ኦክሲጅን ጠባዩ ሌላ ነው። ራሱ አይነድም፤ ሌላውን ግን በኃይል ያቀጣጥላል። ዘይት ወይም ግራሶ የነካው እጅ ሬጉሌተሩ (ሲሊንደሩ ላይ ያለው የግፊት መቆጣጠሪያ) ጋ አይድረስ። የመጋጠሚያው ጥርስ ቢጠብቅብሽም ዘይት ጠብ እንዳታደርጊበት። በሁለቱም መስመር ላይ እሳት ወደኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ይኑር። ስትለኩሺ ፕሮፔኑ ይቅደም፤ ስታጠፊ ኦክሲጅኑ ይቅደም።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው። በጀመርኩ ሰሞን፣ ሥራ ላይ አንድ ሰዓት ከቆየሁ ራሴን ይወጋኝ ነበር። ዓይኔ ደክሞ ነው እላለሁ። ግድግዳው ላይ አየር የሚያስወጣ ማራገቢያ ገጥሜያለሁ፣ ሲዞር እሰማዋለሁ፣ ታዲያ ምን ጎደለኝ? አንድ ቀን ክብሪት ለኩሼ አጠፋሁና ጭሷን አየኋት። ወደ ማራገቢያው ትሄዳለች ስል እዚያው ፊቴ ላይ ተጠመጠመች። ለካ በሩም መስኮቱም ዝግ ነው! በወጣው አየር ምትክ የሚገባበት የለም፤ ማራገቢያው በከንቱ ይዞራል። በሩን ገርበብ ሳደርገው ጭሷ እንደ ክር ተስባ ወጣች። ራስ ምታቱም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

ስለዚህ የተከፈተ መስኮት ብቻውን አይበቃም። አየሩ ከጀርባሽ ገብቶ፣ በእሳቱ ላይ አልፎ፣ ከፊት ለፊትሽ በማራገቢያ ተስቦ ይውጣ። እሳቱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። ክፍልሽ ከመኝታ ቤት ጎን ስለሆነች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የግድ ያስፈልግሻል። እሳት ማጥፊያም እጅሽ በሚደርስበት ይሁን፤ ከእሳቱ ጀርባ ግን አታድርጊው።

የፀሐይ መነጽሩን ለፀሐይ ተዪው። ዓይንሽን የሚጋርደው ቢጫ ነበልባል የሚመጣው ብርጭቆው ውስጥ ካለው ሶዲየም ነው። የዲዲሚየም መነጽር ያንን ቢጫ ለይቶ ያስቀራል፤ የፀሐይ መነጽር ግን ሁሉንም ያጨልምብሽና ለማየት ወደ እሳቱ ያስጎነብስሻል። ወደፊት ቦሮሲሊኬት የሚባለውን፣ ለመቅለጥ የበለጠ ሙቀት የሚፈልገውን ብርጭቆ ከሞከርሽ ዲዲሚየም ብቻውን አይበቃም፤ ጠቆር ያለ፣ ከሙቀት ጨረርም የሚከላከል ያስፈልጋል።

ልብስሽ ጥጥ ይሁን፤ ናይለን ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ደግሞ የጋለ ብርጭቆ ቅላቱ ከጠፋ በኋላ ከቀዝቃዛው አይለይም። እኔ የሁሉንም ዘንግ የጋለ ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የማስቀምጠው። ያንን የለመድኩት ሁለት ጣቴን ከጠበስኩ በኋላ ነው። ካቃጠለሽ ለ20 ደቂቃ ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ አፍስሺበት፤ በረዶም ቅባትም አትንኪ።

ባለቤትሽን ደግሞ ሥራ ስጪው። ሲሊንደሩ ከወጣና ጋዙ ከተዘጋ በኋላ አንቺ ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ፣ ማራገቢያው ይዙር፣ እሱ ክብሪት አጥፍቶ ከፊትሽ ይያዝልሽ። ጭሷ ወደ አፍንጫሽ ከመጣች በሩን ትንሽ ገርበብ ያድርገው።