የፕሌቶች ድንበር፣ ርዕደ መሬትና እሳተ ገሞራ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ከመጀመራችን በፊት ላሳስባችሁ። ቀኑንና ቦታውን ቆርጦ ርዕደ መሬትን መተንበይ የቻለ ሰው የለም። ይህን አትጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ ፕሌቶች (የምድር ውጫዊ ጠጣር ሽፋን የተከፋፈለባቸው ግዙፍ የአለት ገበታዎች) ሲፋተጉ በሚፈጠረው ሙቀት አለት ይቀልጥና እሳተ ገሞራ ይሆናል አይደል?

መልስ፦ አይደለም! ይህን ስህተት ለማረም ብቻ እንኳ ቀኑን ሙሉ ብቀመጥ ደስ ይለኛል። ወደ ታች የሚሰርገው የውቅያኖስ ፕሌት ቀዝቃዛ ነው፤ በዙሪያው ያለውን ማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለውን ወፍራም የአለት ንብርብር) ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያሞቀውም። ዋናው ምክንያት ውኃ ነው። የውቅያኖስ ወለል አለት ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ባሕር ስር ሲቆይ ውኃ በማዕድናቱ ውስጥ ይታሰራል። ፕሌቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሰርግ ግፊቱና ሙቀቱ ማዕድናቱን ይለውጧቸዋል፤ ውኃውም ይለቀቃል። ከበላዩ ወዳለው ትኩስ ማንትል ሲገባ የአለቱን መቅለጫ ሙቀት ዝቅ ያደርገዋል፤ አለቱም ተጨማሪ ሙቀት ሳያገኝ ይቀልጣል። በጃፓንና በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች እሳተ ገሞራዎቹ ከጥልቁ የባሕር ቦይ ራቅ ብለው፣ ከእርሱ ጋር ትይዩ የተሰለፉት በዚህ ምክንያት ነው። ያው ውኃ ማግማው (የቀለጠው አለት) ወደ ገጸ ምድር ሲቃረብ ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ ፍንዳታውን ያበረታዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በፊሊፒንስ የፈነዳውን ፒናቱቦን አስታውሱ።

ጥያቄ፦ ፕሌቶች በሚራራቁበትስ?

መልስ፦ እዚያ ማቅለጫው የግፊት መቀነስ ነው። ማንትል ጠጣር ነው፤ ከእግራችን ስር የቀለጠ አለት ባሕር የለም። ፕሌቶቹ ሲለያዩ ትኩሱ አለት ወደ ላይ ይወጣል፣ ግፊቱ ይቀልለታል፣ በከፊል ይቀልጣል። አይስላንድ እንዲህ ናት። አፋርም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ማግማ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ስንጥቅ ገብቶ መሬቱን እስከ 8 ሜትር ከፍቶታል።

ጥያቄ፦ መሬት ለምን ይንቀጠቀጣል?

መልስ፦ ጥያቄው እጅግ ሰፊ ነው። ባጭሩ፦ ፕሌቶች በዓመት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጓዛሉ፤ ድንበራቸው ግን በሰበቃ ተይዞ ይቆማል። አለቱ ይለጠጣል፣ ጉልበት ያጠራቅማል፣ መያዣው ሲሸነፍ በድንገት ይንሸራተታል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሃሪ ሪድ ይህን ያብራራው እ.ኤ.አ. ከ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ ርዕደ መሬት በኋላ ነው። ቀጥሎ የምትጠይቁ፣ ቦታ ጥቀሱ።

ጥያቄ፦ ሂማላያ ላይ እሳተ ገሞራ የሌለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የሚጋጩት ሁለቱም አህጉሮች ናቸው፤ ውኃ ተሸክሞ የሚሰርግ የውቅያኖስ ወለል አሁን እዚያ የለም። ርዕደ መሬት ግን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኔፓልን የመታው በርዕደ መሬት መለኪያ 7.8 ነበር።

አንድ አባል፦ በመለኪያው 8 ማለት ከ4 በሁለት እጥፍ የበረታ ነው፤ ስለዚህ 7.8 ያን ያህል አይደለም።

ሌላ አባል፦ ተሳስተሃል! በየአንዱ ቁጥር በ10 ይባዛል።

የመጀመሪያው አባል፦ የቱ ነው በ10 የሚባዛው? ጉዳቱ?

ሁለተኛው አባል፦ ጉልበቱ ነዋ!

መላሽ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። በ10 የሚባዛው በመሬት ውስጥ የሚሄደው የንዝረት ሞገድ ከፍታ ነው፤ የሚለቀቀው ጉልበት በ32 ገደማ ይባዛል። ጉዳት ደግሞ በጥልቀቱ፣ በአፈሩና በሕንፃዎቹ ጭምር ይወሰናል። ወደ ድንበሮቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ እሳተ ገሞራ እንዴት ይፈጠራል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ ሃዋይስ? ከድንበር እጅግ የራቀች ናት።

መልስ፦ ከጥልቅ የሚወጣ ትኩስ የማንትል ዓምድ ነው። የዛሬ ርዕሳችን አይደለም።

ጥያቄ፦ ቀጣዩ ትልቅ ርዕደ መሬት መቼ ይሆን?

መልስ፦ አትጠይቁኝ ብያለሁ። በአንድ ድንበር ላይ በረጅም ዘመን ውስጥ ምን ያህል ሊከሰት እንደሚችል ማስላት ይቻላል፤ ቀኑን መናገር ግን አይቻልም።

ጥያቄ፦ ርዕደ መሬት እስከ ምን ጥልቀት ይነሣል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። ፕሌት በሚሰርግበት ቦታ እስከ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጃፓናዊው የርዕደ መሬት ተመራማሪ ኪዮ ዋዳቲ ጥልቅ ርዕደ መሬቶች መኖራቸውን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሳየ፤ ነጥቦቹ በካርታ ላይ ሲቀመጡ የሚሰርገውን ፕሌት ቁልቁለት ይከተላሉ። በዚያ ጥልቀት ግፊቱ ከባድ ስለሆነ አለት በተራ ሰበቃ ሊሰበር አይገባውም ነበር። በመካከለኛው ጥልቀት ለሚነሡት ብዙ ተመራማሪዎች የሚያቀርቡት ማብራሪያ እንደገና ውኃን ይጠቅሳል፦ ከማዕድናቱ የሚለቀቀው ውኃ ስንጥቆቹን ገፍቶ ይከፍታል፣ አለቱም ይንሸራተታል።