«አባቴ ስኳራቸውን መለካት ትተዋል፤ እንዴት ላሳምናቸው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ከተገኘባቸው አራት ዓመት ሆኗል። መጀመሪያ ላይ ጎበዝ ነበሩ፤ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ ጠዋት ጠዋት ይራመዳሉ። ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነዋል። የስኳር ኪኒናቸውን፣ ሜትፎርሚኑን፣ አንድ ቀን ውጠው ሁለት ቀን ይተዋሉ። መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ተረስቷል። እድርም ማኅበርም ቀርተዋል። ሌሊት አይተኙም፣ ቀን ከአልጋ አይወርዱም። ስንቆጣቸው «ተዉኝ፣ ደክሞኝ ነው» ብቻ ነው መልሳቸው። እልኸኛ ሆነውብናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ እልህ አይመስለኝም። እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ ከሰው መራቅ፣ የሚወዱትን መተው፤ እነዚህ ተደራርበው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆዩ ሐኪሞች ድባቴን ይጠረጥራሉ። ስኳር ያለበት ሰው በድባቴ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው እጥፍ ገደማ ነው። እኛ ግን ለስኳሩ ሐኪም ቤት እንወስዳቸውና ለድባቴው «አይዞዎት፣ ይበርቱ» ብለን እናልፋለን።

ሁለቱ በሽታዎች ደግሞ ይደጋገፋሉ። የከፋው ሰው መድኃኒቱን ይተዋል፣ ያገኘውን ይበላል፣ ስኳሩ ይወጣል። ስኳሩ ሲወጣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ያመላልሰዋል፣ ቀን ያዝለዋል፣ ያኔ የባሰ ይከፋዋል። በዚህ መሀል ቁጣችሁ ሲጨመር አስቢው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማኅበር ላይ አንዱ ጉርሻ ሲዘረጋላቸው ሌላው «ኧረ ለሳቸው አይሆንም፣ ስኳር አለባቸው!» ብሎ በሰው ፊት ሲከለክል አይተሻል? ዕድሜ ልኩን ሲያጎርስና ሲጎርስ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቤት ሲመጡም እናንተ ሳህናቸውን ትቆጣጠራላችሁ። አታድርጉት። ለሳቸው ለብቻ ከመሥራት ሁላችሁም ጎመኑንና ምስሩን አብራችሁ ብሉ፣ ቡናውንም ሁላችሁም ያለ ስኳር ጠጡ።

ሐኪም ጋ መሄዱ ግን አይቀርም። የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው ይታይ። ቫይታሚን ቢ12 እና ታይሮይድም (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) እንዲመረመር ጠይቂ፤ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል፣ የሱ እጥረትም የታይሮይድ ማነስም ድባቴ የሚመስል ድካም ያመጣሉ። ስሜታቸውን የሚለኩ ዘጠኝ አጫጭር ጥያቄዎችም አሉ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጁት። ድባቴ ከሆነ በምክክርም በመድኃኒትም ይታከማል። መድኃኒቱ እስኪሠራ ሳምንታት ይፈጃል፣ በሦስተኛው ቀን «አልረዳኝም» ብለው እንዳይተዉት። ስኳር እንዳለባቸው ለሐኪሙ መንገር አትርሺ፣ ክብደትና ስኳር የሚጨምሩ የድባቴ መድኃኒቶች ስላሉ። ጠበል የሚሄዱ ከሆነም ይሂዱ፣ ኪኒናቸው ግን አብሯቸው ይሂድ።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከአፋቸው ከወጣ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ብቻቸውንም አትተያቸው፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አለ፤ «የእብድ ሆስፒታል» የሚለው ወሬ አያስቀርሽ።

እስከዚያው ነገ ጠዋት «አባዬ፣ ትንሽ ዞር ዞር እንበል» በያቸው። ስለ ስኳር አንድም ቃል አታንሺ። እሳቸው የሚያወሩትን ብቻ ስሚ፣ ዝም ካሉም አብረሽ ዝም በይ።