ፊርማው ትክክል ሆኖ ገንዘቡ ለምን ሁለት ጊዜ ተቆረጠ?

ጥያቄ፦ «ለማዕከላዊ ባንክ ዲጂታል ገንዘብ የሙከራ ዋሌት እየሠራን ነው። ስልኩ እያንዳንዱን ዝውውር ኢሲዲኤስኤ (ECDSA) በሚባለው የዲጂታል ፊርማ ስልት ይፈርማል፤ ሰርቨሩ ያረጋግጣል። ሁለት ነገር አስቸግሮናል። አንዳንድ ዝውውሮች ማንም ሳይነካቸው ‹ፊርማው ልክ አይደለም› ተብለው ይመለሳሉ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ደግሞ አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ሲቆረጥ አይተናል። ያውም የመጣውን ፊርማ ሁሉ እየመዘገብን፣ ድጋሚ ከመጣ እንጥለዋለን። አልጎሪዝሙን ኢዲ25519 (Ed25519) ወደሚባለው ሌላ የፊርማ ስልት ብንቀይር ይፈታል?»

መልስ፦ አይፈታም። ኢሲዲኤስኤ እዚህ ላይ ጥፋት የለበትም። ዲጂታል ፊርማ የሚመሰክረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚህን ባይቶች የፈረመው ይህ የግል ቁልፍ (ፈራሚው ብቻ የሚይዘው ሚስጥራዊ ቁጥር) መሆኑን። መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ለየትኛው ሥርዓት የሚለውን ባይቶቹ ውስጥ ካላስገቡት ፊርማው አያውቀውም። ሁለቱም ችግሮችዎ የመጡት ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ ያለ ምክንያት የሚመለሱትን እንይ። ውድቅ የሆኑትን ከሎግ (ከሰርቨሩ መዝገብ) ያውጡና የገንዘቡን መጠን ይመልከቱ። በዜሮ የሚያልቁ ከበዙ ነገሩ ግልጽ ነው። ስልኩ የፈረመው «መጠን፦ 10.50» የሚል ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ነው እንበል። ሰርቨሩ ጄሰኑን ይፈታና 10.50ን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ፊርማውን ለማረጋገጥ መልሶ ወደ ጽሑፍ ሲቀይረው ግን 10.5 ይሆናል። ለሰው ዓይን ያው ነው። የሚፈረመውን መልእክት ወደ አጭር አሻራ (ሃሽ) ለሚቀይረው ኤስኤችኤ-256 ግን አንድ ባይት ስለጎደለ ሃሹ ጨርሶ ሌላ ነው። 10.75 ደግሞ እንዳለ ስለሚመለስ ያልፋል። ችግሩ ብቅ ጥልቅ የሚለው ለዚህ ነው።

መጠኑ ካልሆነ የክፍያ ምክንያት የሚጻፍበትን ቦታ ይፈትሹ። የፓይተን ጄሰን ላይብረሪ ተው ካልተባለ በቀር ከአስኪ (ከመሠረታዊ የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች) ውጭ ያለውን ፊደል ሁሉ፣ አማርኛውንም ጨምሮ፣ በኮድ ቁጥሩ ተክቶ ይጽፋል። ጃቫስክሪፕት ፊደሉን እንዳለ ይተወዋል። አንዱ ፈርሞ ሌላው ሲያረጋግጥ አይገናኙም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰርቨሩ መጀመሪያ የመጡትን ባይቶች እንደመጡ ያረጋግጥ፤ ጄሰኑን የሚፈታው ከዚያ በኋላ ይሁን። እነዚያኑ ባይቶች ከፊርማው ጋር ሳይነኩ ያስቀምጡ፤ ነገ ክርክር ቢነሳ ማስረጃዎ እነሱ ናቸው። መጠኑን በትንሹ የገንዘብ አሃድ፣ በሙሉ ቁጥር ይጻፉ፦ 10.50 ሳይሆን 1050። ነጥብ ያለበት ቁጥር ገንዘብ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። መልእክቱን እንደገና ማዋቀር ግድ ከሆነብዎ፣ ለዚህ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣውን የጄሰን አጻጻፍ መስፈርት፣ አርኤፍሲ 8785ን፣ ይከተሉ።

ወደ ባሰው ችግር እንሂድ። ፊርማውን መመዝገብ ድግግሞሽ ይከላከላል ማለት ብዙ ቡድኖች የሚያስቡት ነገር ነው፤ ግን አይከላከልም። ኢሲዲኤስኤ በተለምዶ በፈረመ ቁጥር አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ይጠቀማል። አንድን መልእክት ሁለት ጊዜ ቢፈርሙ የማይመሳሰሉ፣ ግን ሁለቱም ትክክል የሆኑ ፊርማዎች ይወጣሉ። እርስዎ ጋ የሆነውን በቅደም ተከተል ይዩት። ስልኩ ላከ። ሰርቨሩ ቆረጠ። መልሱ መንገድ ላይ ቀረ። ስልኩ «አልሄደም» ብሎ እንደገና ፈርሞ ላከ። ፊርማው አዲስ ስለሆነ ዳታቤዙ አላወቀውም፤ ገንዘቡ ድጋሚ ወጣ። በዚያ ላይ ፊርማው አር እና ኤስ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ነው፤ ኤስን ከከርቩ ኦርደር (ስልቱ ከሚጠቀምበት፣ ሁሉም ከሚያውቀው ቋሚ ትልቅ ቁጥር) ላይ የቀነሰ ሰው ቁልፉ ሳይኖረው ሌላ የሚሠራ ፊርማ ያገኛል።

ኢዲ25519 ለአንድ መልእክት ሁልጊዜ ያንኑ ፊርማ ስለሚሰጥ ችግሩን ይሸፍንልዎታል እንጂ አያጠፋውም። ስልኩ የላከበትን ሰዓት መልእክቱ ውስጥ ከጨመረ ሁለተኛው ፊርማ ያው ይለያል። ሰዓት ከሌለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፦ ሰውየው ለዚያው ሰው ያንኑ ያህል ገንዘብ አስቦበት ሁለተኛ ሲልክ፣ ሰርቨሩ ድግግሞሽ ነው ብሎ ይጥልበታል።

የሚያስፈልግዎ የዝውውር መለያ ቁጥር ነው። ተጠቃሚው «ላክ» የሚለውን ሲጫን አንድ ጊዜ ይፈጠር። ከመላኩ በፊት ስልኩ ላይ ይቀመጥ። ስንት ጊዜ ቢሞከርም ያው ቁጥር ይሂድ፤ የሚፈረመውም አብሮ ነው። ሰርቨሩ ላይ የላኪው ሒሳብ ከመለያ ቁጥሩ ጋር ተጣምሮ እንዳይደገም ዳታቤዙ ራሱ ይከልክል። ይህ ምዝገባና የሒሳብ ቅነሳው በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁኑ፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸሙ፣ ወይ ሁለቱም ይቅሩ። «መጀመሪያ አለ ወይ ብዬ አያለሁ፣ ከዚያ እቆርጣለሁ» ካሉ፣ እኩል የደረሱ ሁለት ጥያቄዎች ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ አግኝተው ያልፋሉ። ያው መልእክት ተደግሞ ሲመጣ ስህተት አይመልሱ፤ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሱለት። ቁጥሩ ያው ሆኖ መጠኑ ወይም ተቀባዩ ከተለየ ግን አይለፍ፤ ሰውም ይየው።

የሥርዓቱንም ስም ከሚፈረሙት ባይቶች ውስጥ ያስገቡ፤ አለበለዚያ በሙከራው ሰርቨር ላይ የተፈረመ ዝውውር እውነተኛው ላይ ሊሠራ ይችላል። የአገልግሎት ማብቂያ ሰዓትም ይኑረው።

ቁልፉን በተመለከተ፣ አልጎሪዝም ለመቀየር ብለው ከስልኩ የደኅንነት ቺፕ እንዳያወጡት አደራ። የአይፎን የደኅንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ኢንክሌቭ፣ ፒ-256 በሚባለው ከርቭ በኢሲዲኤስኤ ይፈርማል፤ ኢዲ25519ን ግን አይሠራም። ቺፕ ውስጥ ያለ ፒ-256፣ ፋይል ውስጥ ከተቀመጠ ኢዲ25519 በብዙ ይሻላል። ኢሲዲኤስኤ ሲፈርም የሚጠቀመው ያ የዘፈቀደ ቁጥር ግን እንዳይደገም። እ.ኤ.አ. በ2010 የፕሌይስቴሽን 3 ፊርማዎች ላይ ያው ቁጥር ተደጋግሞ በመገኘቱ ተመራማሪዎች የሶኒን የግል ቁልፍ በስሌት አወጡት። በሶፍትዌር የሚፈርሙበት ቦታ ካለ ቁጥሩን በዘፈቀደ ሳይሆን ከቁልፉና ከመልእክቱ የሚያሰላውን መስፈርት፣ አርኤፍሲ 6979ን፣ የሚከተል ላይብረሪ ይጠቀሙ።

ማረጋገጫው በኩል ሁለት ነገር ይሞክሩ። አንደኛ፣ አር እና ኤስ ዜሮ የሆኑበት ፊርማ ይላኩ። ከጃቫ 15 እስከ 18 ባሉት ስሪቶች ላይ በነበረ ስህተት እንዲህ ያለው ባዶ ፊርማ ለማንኛውም መልእክት ያልፍ ነበር፤ የታረመው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ነው። ሁለተኛ፣ በሌላ ሰው ሒሳብ ስም የተጻፈ መልእክት በራስዎ ቁልፍ ፈርመው፣ የራስዎን ይፋዊ ቁልፍ (ፊርማ የሚረጋገጥበትን የግል ቁልፉን ጥንድ) አያይዘው ይላኩ። ሰርቨሩ በተላከለት ቁልፍ ካረጋገጠ ማንም በራሱ ቁልፍ ፈርሞ የሌላውን ሒሳብ ማንቀሳቀስ ይችላል። ቁልፉ መምጣት ያለበት ከምዝገባው ብቻ ነው።

ዳታቤዙ ውስጥ ፊርማው የሚቀመጥበትን ኮለም በ64 ባይት አይወስኑት። ለኳንተም ኮምፒውተር ዘመን የወጣው የፊርማ ስልት፣ ኤምኤል-ዲኤስኤ፣ በትንሹ ደረጃው እንኳ ፊርማው 2,420 ባይት ነው።

እስካሁን ሁለት ጊዜ የተቆረጡትን ለማግኘት ደግሞ ላኪ፣ ተቀባይና መጠን ገጥመው በአጭር ጊዜ ልዩነት የተመዘገቡትን ይፈልጉ። በጅምላ አይመልሷቸው፤ አንዳንዱ ሰው በእርግጥ ሁለት ጊዜ ልኮ ሊሆን ይችላል። ከስልኩ ሎግ ጋር ያስተያዩ። ተጠቃሚው «ላክ»ን አንዴ ብቻ ተጭኖ ሁለት ፊርማ የተመዘገበበት ከሆነ፣ ሁለተኛው ቅነሳ ሳይጠይቅ ይመለስለት።