ጋላክሲ የራዲዮ ድምፅ «ያሰማል»?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እዚህ ሀዋሳ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ለሳይንስ ክበባችን የግድግዳ ጋዜጣ «የጋላክሲ ክላስተሮች ሲጋጩ የድንጋጤ ሞገድ ይፈጠራል፣ የራዲዮ ድምፅም ያሰማሉ» ብዬ ጻፍኩ፣ አንዱ ባልደረባዬ ደግሞ አማርኛው አያስኬድም አለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ባልደረባህ እውነቱን ነው፣ ግን «ድምፅ» የሚለው ቃል የተቀመጠበት ቦታ ነው እንጂ ጥፋቱ ራሱ ቃሉ አይደለም። ራዲዮ ሲባል ቤት ያለው ሳጥን ስለሚታየን ሰማሁ ማለት ይቀናናል፣ የራዲዮ ሞገድ ግን የብርሃን ወገን ስለሆነ ባዶውን ጠፈር አቋርጦ ይመጣል፣ ድምፅ እኮ በባዶ አይሄድም። ስለዚህ «ያሰማል» ሳይሆን «ያመነጫል» ወይ «ይረጫል» በለው።

ድምፅ ያለው ሾክ ዌቩ (አንተ «የድንጋጤ ሞገድ» ያልከው) ጋ ነው። ክላስተር፣ ማለትም በስበት የተያያዘ የብዙ ጋላክሲዎች ስብስብ፣ ውስጥ ጋላክሲዎቹን የከበበ በጣም ስስ ጋዝ አለ፣ ሙቀቱ በአስር ሚሊየኖች ዲግሪ የሚቆጠር፣ ድምፅ በሱ ውስጥ በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዛም በላይ ይጓዛል፣ ክላስተሮቹ ሲዋሃዱ ጋዙ ከዚህም ሲፈጥን ነው ሾኩ የሚፈጠረው፣ እዚያው ሀዋሳ ሐይቅ አሞራ ገደል ሞተር ጀልባ የራሱን ሞገድ ሲቀድም ውሃው ፊቱ ላይ እንደሚከመረው ማለት ነው። ቡሌት ክላስተር በሚባለው፣ ሁለት ክላስተሮች በተጋጩበት ቦታ፣ የሾኩ ፍጥነት የድምፅን 3 እጥፍ ያህል ነው!

«የድንጋጤ ሞገድ»ን ግን እባክህ ሰርዘው፣ በአማርኛ የሚደነግጠው ነፍስ ያለው ነው፣ ጋዝ ምን አይቶ ይደነግጣል? ሾክ ዌቭ በቂ ነው፣ ሲበዛም ሾክ ዌቮች እንጂ «ዌቭሶች» አትበል።

«ሲጋጩ» ላይም ትንሽ ልበል። የሚጋጨው ጋዙ ነው፣ ጋላክሲዎቹ መሀላቸው ሰፊ ስለሆነ አብዛኞቹ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ፣ ክላስተሮቹ ደግሞ ቆይተው አንድ ይሆናሉ፣ ለነሱ «ሲዋሃዱ» ይሻላል።

ራዲዮውን የሚረጨው ማነው ካልክ ኤሌክትሮኖቹ ናቸው፣ ሾኩ ብርሃንን ሊደርሱበት ምንም እስከማይቀራቸው ያፈጥናቸዋል፣ በማግኔቲክ ፊልዱ ዙሪያ እየተጠማዘዙ ሲሄዱ ይረጫሉ። እንዲህ ራዲዮ ከሚረጩት ቦታዎች አንዱ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው፣ በቅርፁ ሶሴጅ የሚሉት (እኔ ቋሊማ ብለው ደስ ይለኛል)፣ ርዝመቱ ወደ 6 ሚሊየን የብርሃን ዓመት ነው።

እንግዲህ ጋዜጣው ላይ «የጋላክሲ ክላስተሮች ሲዋሃዱ ጋዛቸው ተጋጭቶ ሾክ ዌቭ ይፈጠራል፣ ሾኩ ያፈጠናቸው ኤሌክትሮኖችም የራዲዮ ሞገድ ይረጫሉ» ብለህ አስተካክለው።