ስካን የተደረገ የአማርኛ መጽሐፍ ስልክ ላይ አልነበብ ሲል

«ከቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር የገለበጥኩት የአማርኛ ፒዲኤፍ ስልኬ ላይ ፊደሉ ደቃቃ ነው፤ ቃል ብፈልግበትም ምንም አያመጣም» ላሉት፦

አፕ ከመቀያየርዎ በፊት የፋይሉን ዓይነት ይለዩ። አንድ ቃል ላይ ጣትዎን ጫን አድርገው ያቆዩ። ቃሉ ካልተመረጠ ገጹ ፎቶ ነው። ተመርጦ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ከሆነ ደግሞ ዩኒኮድ (ስልክም ኮምፒውተርም የሚረዱት የጋራ የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ ፎንት የተተየበ ነው። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ያስቀምጡ ስለነበር ዓይን አማርኛ ያያል፣ ስልኩ ግን ሌላ ነገር ያነባል። ለሁለቱም የሚያዋጣው ገጹን በፎቶ መልክ በኦሲአር (ከፎቶ ላይ ጽሑፍ በሚያነብ ፕሮግራም) ማስነበብ ነው።

ቀላሉ መንገድ ጉግል ድራይቭ ነው። ፋይሉን ያስገቡ፣ ኮምፒውተር ላይ ቀኝ ክሊክ አድርገው በጉግል ዶክስ ይክፈቱት። ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ ይሻላል፤ ትልቅ መጽሐፍ በየምዕራፉ ይከፈል። ያለ ኢንተርኔት ለመሥራት ቴሰራክት የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለ፤ የአማርኛውን ዳታ አብረው ካልጫኑና ካልመረጡ ግን በእንግሊዝኛ ያነብና የማይረባ ነገር ያወጣል። የስካኑ ጥራት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። በስልክ የሚያነሱ ከሆነ ፍላሹን አጥፍተው ግራና ቀኙን ገጽ ለየብቻ ያንሱ፤ ብዙ ስህተት የሚመጣው ጥራዙ አጠገብ ከሚጎብጠው መስመር ነው።

የወጣውን ሳያርሙ አይመኑ። ወረቀቱ ከደበዘዘ የካዕቧ ጭረት ትጠፋና «ቡ» «በ» ይሆናል። ቃላቱ በሁለት ነጥብ የተለያዩ የቆየ መጽሐፍ ከሆነማ፣ ነጥቡ በተዘለለ ቁጥር ሁለት ቃል ተጣብቆ ይወጣል። (አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሙሉ መጽሐፍ ከማረም የሚፈልጉትን ምዕራፍ ብቻ ማረም ያዋጣል።)

የፊደሉ መጠን ነገር፦ ፒዲኤፍ ገጹን እንዳለ ስለሚይዝ ፊደሉን ሲያሳድጉ መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል። የታረመውን ከዶክስ በኢፐብ (የኢ-መጽሐፍ ፋይል ዓይነት) ያውርዱት፤ ያኔ ፊደሉ ሲያድግ መስመሩም አብሮ ይታጠፋል። ኪንድል (የአማዞን ኢ-መጽሐፍ ማንበቢያ) ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየ የጎደለው ፎንት ነው፦ አቢሲኒካ ኤስአይኤል የተባለውን የአማርኛ ፎንት በኬብል ፎንት ማኅደሩ ውስጥ አስገብተው ከፎንት ዝርዝሩ ይምረጡት።

ፍለጋ ላይ ሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላት ያስቸግራሉ። «ፀሐይ» ብለው ቢፈልጉ «ጸሐይ» ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ሞክሼ የሌለበትን የቃሉን ክፍል ብቻ ይጻፉ፤ ዓለማየሁንም አለማየሁንም «ለማየ» ብለው ያገኟቸዋል።